የማሬሻ ዝሆን

በማለዳ አውቶቡስ ከቂርያት ጋት ወጥቼ፣
የዋሻ መቃብሩን በቁልፌ ከፍቼ፣
መብራት አበራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤
ጎብኚ እስኪመጣ ድረስ የሚያየኝ እሱ ነው።

እሱ ማለት ዝሆን፤ ግድግዳ ላይ ቆሞ፣
በቀይ አፈር ቀለም ከሙታን ጋር ከርሞ፣
ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት ሳይራመድ፣
አንድ እግሩን አንሥቶ የሚጠብቅ መንገድ።

አለቃዬ ናፍታሊ ጽሑፉን አሳየኝ፤
«ኢትዮጵያ ይላል» ብሎ ትከሻዬን መታኝ፤
«ያገርህ ልጅ ነው!» አለ፤ ሳቀ፣ ሻዩን ጠጣ።
እኔ ግን ጠየቅሁት፦ «በየት በኩል መጣ?»
(እኔን በየት መጣህ ብሎኝ አያውቅም።
በሱዳን ነው። እሱን አሁን አልተርክም።)

በመርከብ ነው አሉ፤ ቀይ ባሕርን ታኮ፣
ንጉሠ ደቡብ ነው ያስያዘው አዳኝ ልኮ።
ንጉሠ ሰሜንም የህንድ ዝሆን ነበረው፣
ከኛው በአንድ ክንድ የሚበልጥ ቁመናው።

ነገሥታቱ ሁለት፣ የሎሌዎች ዘሮች፣
የሞተ ጌታቸውን አልጋ ተቃራጮች፣
አንዱ ከእስክንድርያ፣ አንዱ ከአንጾኪያ፣
ይችን ጠባብ አገር አርገው መለኪያ፣
ስድስት ጊዜ ተዋጉ፤ ተመዝግቧል ቁጥሩ።
ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀላል ነው ነገሩ።

ቆስያድ እለዋለሁ፤ ሰው ነው የማሬሻ፣
ዘይት ጨማቂ ነው ከታችኛው ዋሻ።
ስሙን ከገል ስባሪ እኔ ነኝ ያነሣሁ፤
ቀሪውን ፈጠርኩት ምሳ እየበላሁ።

አንደኛው ሲመጣ በጀርባ ታዝሏል፣
ሁለተኛው ሲመጣ ጺሙ አቀምቅሟል፣
ሦስተኛው ሲመጣ ወንድሙን ወሰደ፤
ከደረቅ ዳቦ ጋር በሌሊት ነጎደ።
ወንድሙ አልተመለሰም፤ ጦርነቱ ተመለሰ።
የጦር አለቃ መጣ፣ መጭመቂያውን ዳሰሰ፣
«ለኛ ነህ ለነሱ?» አለው። ቆስያድ ምን ይበል?
«ለወይራው ነኝ» አለ። በጥፊ ሲሉት፣ ማሰሮው ሲንከባለል፣
ዘይቱ ደጃፉ ላይ እስኪመሽ አበራ።

አራተኛው ላይ ነው ዝሆኔ የገባ፤
በራፊያ አሸዋ፣ ጀርባው ላይ የእንጨት አምባ፣
የህንዱ ሸተተው፤ ጩኸቱን ሲሰማ
ዞሮ ሸሸ። «ፈራ» ብለው ጻፉ፤ ጠቡ የሱ አልነበረማ!

ተረታችን ይላል፣ «ዝሆኖች ሲጣሉ
ሣር ነው የሚጎዳ።» ስንቶች ይህን አሉ!
እዚህ ተቀምጬ ተረቱን አረምኩት፤
ዝሆን አልተጣላም፤ ሰዎች ናቸው ያጣሉት።
ዝሆኑም ሣር ነበር፣ ኩንቢ ያበቀለ፤
ቆስያድም ሣር ነበር፣ ግብር የከፈለ።

የደቡቡ ረታ። ዓመታት ተቆጥሮ፣
በባንያስ ምንጭ ዳር የሰሜኑ ረታ ዞሮ።
የቆስያድ የልጅ ልጅ ገበያ ሲወጣ
ንስር ያለበት ብር ዋጋውን አጣ፤
መልሕቅ ያለበትን ሰጡት በምትኩ።
አገላበጠና፣ «መርከባችን የታል?
ተራራ ላይ ያለ ሰው መልሕቅ ምን ያረግለታል?»
ብሎ በመቀነቱ አጥብቆ ቋጠረው።

ስድስተኛውን ያቆመ ሦስተኛ ሰው ነበር፤
ከሮም የመጣ፣ በዱላ አሸዋ ላይ ክብ ሲጭር፣
«ሳትወጣ መልስልኝ» አለው ንጉሡን።
ንጉሡ ወደ አገሩ ሄደ።
ቆይታ ሮም ራሷ መጣች፤
ያ በሌላ ቁጥር ነው የሚቆጠር።

ባለፈው ማክሰኞ ሳይረን ጮኸ በድንገት፤
ለጉብኝት የመጡ አርባ ሕፃናት
እየተጋፉ ገቡ። ከዝሆኑ ሥር ተሸጉጠን ቆጠርን ደቂቃ።
ዮኼቬድ የምትባል፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ቦርሳዋን አንቃ፣
«ይሄ ዝሆን ይፈራል?» አለችኝ።
«አይ፤ እግሩን እይው፤ ሊሄድ ነው» አልኳት።
«ወዴት?» አለች።

ጩኸቱ ቆመ። ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፤
ስንተኛው እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁ።
እግሩን እንዳነሣ ነው፣
መብራቱን አጠፋሁ።